ሚያዝያ 16፦ የአርመኖቹ ለቅሶ ላይ እኛም ብንደርስ ምን ይመስላችኋል?

የፌርፋክስ_ልጅ (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ነገር በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ዓመቶቹን እንዳይምታታ በፈረንጅ ነው የማደርገው።

ያው ኤፕሪል 24 እየደረሰ ነው፣ በኛ ሚያዝያ 16። እዚህ ኤልኤ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግሌንዴል ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የአርመኖቹ ሱቅ ይዘጋል፣ አያቶች ሳይቀሩ በዊልቸር ሰልፍ ይወጣሉ። በ1915 በዛች ሌሊት ነው የኦቶማን መንግስት ኢስታንቡል ያሉትን የአርመን ጸሐፊዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞች፣ ቄሶች ከየቤታቸው እያወጣ ያሰራቸው፣ አብዛኞቹ አልተመለሱም። ኮሚታስ የሚባል ቄስ ነበር ከነሱ ውስጥ፣ የዜማ ሊቅ፣ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በኖታ ሲሰበስብ የኖረ ሰው። እሱ ከተጋዘበት ተመለሰ፣ አእምሮው ግን እዛው ቀረ፣ በ1935 ፓሪስ አጠገብ የአእምሮ ህሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው ያረፈው። ከምሁራኑ በኋላ ተራው የህዝቡ ሆነ። ወንዱን እየለዩ ገደሉት፣ ሴቱን ህጻኑን ሽማግሌውን በእግሩ ወደ ሶርያ በረሃ ነዱት፣ በየመንገዱ በረሃብ በጥም በሰይፍ አለቀ። እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው ነው የሚባለው።

ወደ ነገሬ ልምጣ። እኛ ጋ ጎረቤት ሰው ከሞተበት ለቅሶ ይደረሳል አይደል፣ ሟቹን በአይንህ አይተኸው ባታውቅም ትሄዳለህ፣ ድንኳን ገብተህ ዝም ብለህም ቢሆን ትቀመጣለህ። እነዚህ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሀዘን ላይ ናቸው፣ ቱርክ ደግሞ እስከዛሬ ዘር ማጥፋት አልነበረም ነው የምትለው። ሀዘንተኛ ብቻውን ሲናገር ከሳሽ ይመስላል፣ ጎረቤት አብሮት ሲቀመጥ ነው ሞቱ ሞት መሆኑ የሚታመነው። ክህደት የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው፣ ነገሩን የሚያወሩት አርመኖች ብቻ እንዲሆኑ።

በ2015 መቶኛው ዓመት ሲታሰብ ፖሊስ 130 ሺህ ብሎ የገመተው ሰው ከሆሊዉድ ተነስቶ ዊልሸር ላይ እስካለው የቱርክ ቆንስላ በእግሩ ሄደ። ቆንስላው ያኔ የነበረበት ቦታ ከኛ ሊትል ኢትዮጵያ በእግር የሚደረስ ነው። እንደ ማህበረሰብ ግን የኛ ሰው አልነበረም። እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ምክንያት አለን፣ "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ"ን በዜማ የሰራልን ከዛ እልቂት ከተረፉት ወገን የሆነ ሰው ነው። ዘንድሮ የተወሰንን ሰዎች አበባ ይዘን ብንሄድ ምን ትላላችሁ?

እውነቱ_ይነገር (ዲሲ)

ወንድሜ አላማህ ጥሩ ነው ግን እኔ አልስማማም በግልጽ ልናገር። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ስር ስንት የውጭ ሰው መጥቶ አበባ አስቀመጠ? ሶስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ላይ ህዝባችን በአካፋና በዶማ ተጨፍጭፎ፣ ቤቱ ከነቤተሰቡ ተቃጥሎ፣ ያንን ያስደረገው ግራዚያኒ በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ መታሰቢያ ተሰራለት እኮ። ያኔ ማን ለቅሶ ደረሰልን። የዛሬ ሶስትና አራት ዓመት ያለቁትን ወገኖቻችንን እንኳ ገና አብረን ማልቀስ አቅቶን ይሄ የኔ ሟች ያ የአንተ ሟች እየተባባልን ነው። እና ደግሞ ቱርኮቹ የሚሉት አለ፣ የዓለም ጦርነት ነበር፣ አርመኖቹ ከሩሲያ ጋር አብረዋል፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል ይላሉ። በሁለት ህዝብ መሀል ያለ ጉዳይ ውስጥ እንደ ማህበረሰብ ለምን እንግባ?

የድሮ_ተማሪ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ስለ አርባ ልጆች የተነሳ ስለመሰለኝ ነው የምጽፈው። እኔ ያንን መዝሙር በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እየዘመርኩ ነው የተማርኩት።

ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ገቡ፣ አርመኖቹ ገዳም ውስጥ ደግሞ ወላጆቻቸው ያለቁባቸው ልጆች ነበሩ፣ የነፋስ መሳሪያ ባንድ አቋቁመው ይጫወታሉ። ራስ ሰሟቸውና ወደዷቸው፣ ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው አርባውንም ወደ ሀገራችን አስመጧቸው። አዲስ አበባ የገቡት ሴፕቴምበር 6 ነው፣ በኛ ጳጉሜ 1፣ አዲስ ዓመት ሊብት ቀናት ሲቀሩት። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል የአይንታብ ሰው ነው፣ ዛሬ ጋዚያንቴፕ የሚሏት። የተፈሪ ማርሽን፣ ያው "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ"ን፣ ዜማ እሱ ሰራ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈ፣ በ1930 ዘውድ ሲጫን ተሰማ፣ ከዛ እስከ አብዮቱ ድረስ የሀገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

እስቲ አስቡት፣ ገና ልጆች ናቸው። እናት አባታቸው የት እንደወደቁ መቃብራቸውን የማያውቁ። እነሱ ናቸው የመንግስታችን የመጀመሪያ ኦርኬስትራ የሆኑት። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ደግሞ ኋላ መጥቶ ማዘጋጃ ቤትን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ስንቱን ሙዚቀኛ ያሰለጠነ ነው። እኛ በእልልታ የሰማነው ጥሩምባ በወላጅ አልባ ልጆች እስትንፋስ የተነፋ ነው፣ ይሄን ተምረን አናውቅም፣ አስተማሪዎቻችን የነገሩን አርመን የሚባል የሙዚቃ ሰው እንደነበር ብቻ ነው እንጂ ከምን አምልጦ እንደመጣ የነገረን የለም።

የፌርፋክስ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ካሰብኩት በላይ ነው ያብራሩልኝ።

@እውነቱ_ይነገር ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው በአግባቡ ልመልስ። ጦርነት መኖሩን ማንም አልካደም። ግን ከሩሲያ ድንበር በብዙ መቶ ኪሎሜትር የራቁ የቡርሳና የአንካራ ሴቶችና ህጻናት ለምን ወደ በረሃ ተነዱ? እንግሊዝ ፈረንሳይና ሩሲያ ገና በሜይ 1915 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብለው መግለጫ አውጥተዋል፣ የአሜሪካው አምባሳደር ሞርገንታውም በጁላይ ይሄ አንድን ህዝብ የማጥፋት ዘመቻ ነው ብሎ ለዋሽንግተን ቴሌግራም ልኳል። ከሁሉም በላይ እኔን የሚገርመኝ ደግሞ የኦቶማን ፍርድ ቤት ራሱ ነው፣ በ1919 ኢስታንቡል ላይ ችሎት ተቀምጦ በጦርነቱ ጊዜ ሀገሪቱን የመሩትን ጣላትን፣ ኤንቨርንና ጀማልን በሌሉበት ሞት ፈርዶባቸዋል። ስለዚህ የሁለት ህዝብ ክርክር አይደለም፣ የራሳቸው ዳኛ ያየው ጉዳይ ነው። ራፋኤል ሌምኪን የሚባለው የህግ ሰው ተማሪ እያለ የጠየቀው ጥያቄ አለ፣ አንድ ሰው ገድሎ ይከሰሳል ሚሊዮን የገደለ ባለስልጣን ግን ለምን በህግ አይጠየቅም የሚል፣ ከዛ ተነስቶ ነው የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት እንዲወለድ የታገለው።

አፊሌ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ፣ ያንን መታሰቢያ ከተቃወሙት ውስጥ ጣልያኖች ነበሩ፣ አደባባይ ወጥተው። እነሱ ናቸው ለቅሶ የደረሱልን። እኔ የምለው እኛም ለሌላው እንደዛ እንሁን ነው፣ የራሳችንን ሳንተው።

ሐያት_ጅዳ

ሰላም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አንድ ነገር ፈርቼ ነው የምጽፈው ይሄ ወሬ የእስላምና የክርስቲያን እንዳይሆን። ያደረገው በዛን ጊዜ ስልጣን የያዘው የኢትሃድ ፓርቲ ነው፣ ሰዎች ናቸው፣ ስም አላቸው። ሙስሊም ሆኖ ያዳነም ብዙ ነው። የመካው ሸሪፍ ሁሴን በ1917 በደብዳቤ አርመኖችን እንደራሳችሁና እንደ ልጆቻችሁ ጠብቁ ብሎ አዟል። ጀላል በይ የሚባል የኦቶማን ገዢ ነበረ፣ መጀመሪያ የሀለብ ኋላ የኮንያ፣ ትዕዛዙን አልፈጽምም ስላለ ከስልጣን አነሱት ግን እሱ እዛ በቆየበት ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ተርፏል። በረሃው ላይ የተጣሉ ህጻናትን አንስተው ያሳደጉ የአረብ ቤተሰቦችም ነበሩ። እኛ እኮ የነጃሺ ሀገር ነን፣ የተሰደደን ማስጠጋት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ኤልኤ ብሆን እወጣ ነበር፣ በሂጃቤ።

ሰላም_ከኢስታንቡል

ሐያትዬ ተባረኪ፣ እዚህ ሆኜ ሳነበው አለቀስኩ።

እኔ ለስራ መጥቼ ነው እዚህ የቀረሁት፣ ቱርክኛም በመንገድ የተማርኩት ነው። ሺሽሊ ሰፈር ሰፊው ጎዳና ላይ ስትሄዱ እግረኛ መንገዱ ላይ የተቀበረ ሰሌዳ አለ፣ ሰው ሳያየው ይረግጠዋል፣ ህራንት ዲንክ የተገደለው እዚህ ነው ይላል በቱርክኛና በአርመንኛ። አጎስ የሚባለው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበር፣ ቱርክ ውስጥ ሆኖ፣ ከቱርኮች ጋር እየኖረ፣ በሁለቱም ቋንቋ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው። ቱርክነትን ሰደብክ ብለው ከሰሱት ፈረዱበት፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2007 ከቢሮው ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት ከኋላው ተኩሶ ገደለው። ቀብሩ ላይ ግን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ፣ አብዛኛው ቱርክ ነው፣ "ሁላችንም ህራንት ዲንክ ነን፣ ሁላችንም አርመን ነን" የሚል ወረቀት ይዞ። በየዓመቱ ጃንዋሪ 19 እዛ ሰሌዳ ላይ ካርኔሽን አበባ ያስቀምጣሉ፣ እኔም ሄጄ አይቻለሁ፣ ብርድ ነው፣ ፖሊስ ዙሪያውን አጥር አጥሮ ይፈትሻል፣ ሰዉ ግን ይመጣል።

የድሮ ቢሮው አሁን የመታሰቢያ ቦታ ሆኗል፣ ስሙ 23.5 ነው። ኤፕሪል 23 እዚህ የህጻናት በዓል ነው፣ ባንዲራ በየሰገነቱ፣ ልጆች ይጨፍራሉ፣ በማግስቱ 24 ደግሞ የአርመኖቹ ሀዘን። እሱ በህይወት እያለ በዛ በሁለቱ ቀን መሀል ስለመኖር ጽፎ ነበር፣ ከዛ ነው የተወሰደው። ኤፕሪል 24ን በአደባባይ ማሰብ እዚህ የተጀመረው በ2010 ነው፣ ታክሲም ላይ ሻማና ፎቶ ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የተወሰነ ዓመት ተፈቀደ ከዛ መከልከል ተጀመረ። ስለዚህ ኤልኤ ላይ አበባ ማስቀመጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እዚህ ያሉት የማይችሉትን ነው የምታደርጉላቸው።

ዳዊት_ሪሾን

እኔ ከእስራኤል ነው። እዚህ ነገሩ ያማል፣ ምክንያቱም ስለ ዘር ማጥፋት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሀገር ሆኖ በፖለቲካ ምክንያት ለስንት ዓመት ይፋዊ እውቅና ሳይሰጥ ኖረ፣ በ2016 የክኔሴት፣ የፓርላማው ማለት ነው፣ የትምህርት ኮሚቴ እውቅና ይሰጠው አለ ግን የመንግስት አቋም አልሆነም ያኔ። ኢየሩሳሌም ብሉይ ከተማ የአርመኖች ሰፈር ስትገቡ የድንጋዩ ግድግዳ ላይ የእልቂቱን ካርታ የሚያሳይ ፖስተር ተለጥፎ ታያላችሁ፣ ጸሐይ ያደበዘዘው ሁሉ አለ። ጋሽ የድሮ ተማሪ ያሉት ገዳም እዛው ነው፣ ቅዱስ ያዕቆብ።

እኛ ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል ስንመጣ 4 ሺህ ገደማ ሰው ነው በመንገድና በካምፕ የቀረብን። ለነሱ ዛሬ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አለ፣ በኢየሩሳሌም ቀን መንግስት ባለበት ይታሰባሉ። ከዛ በፊት ሀዘኑ በየቤቱ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ጊዜ እዛ ስትቆም ምን እንደሆነች አይቻለሁ፣ ለብቻህ ማልቀስና ሀገር ቆሞልህ ማልቀስ አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ከፌርፋክስ ልጅ ጋር የምስማማው።

ማህሌት_ኤ

እኔ ለኮንፈረንስ የአርመን ዋና ከተማ የሬቫን ሄጄ ስለነበር ጺጼርናካበርድ የሚባለውን የእልቂቱን መታሰቢያ አይቼዋለሁ፣ ትንሽ ልንገራችሁ። ኮረብታ ላይ ነው፣ 44 ሜትር ሽቅብ የቆመ ሹል ድንጋይ አለ፣ አጠገቡ 12 ግዙፍ የድንጋይ ሰሌዳዎች ወደ መሀል አጎንብሰው ክብ ሰርተዋል፣ መሀላቸው የማይጠፋ እሳት አለ። እሳቱ ጋ ለመድረስ ደረጃ ወደ ታች ትወርጃለሽ ስለዚህ ሳታስቢው አንገትሽን ደፍተሽ ነው የምትገቢው። ኤፕሪል 24 ህዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ እየጎረፈ አበባ ያስቀምጣል፣ እሳቱን ዙሪያውን የአበባ ግድግዳ ይሰራል ከሰው ቁመት የሚጠጋ። አበባው ደግሞ አይጣልም፣ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ቅጠሉን ይለቅሙና ወረቀት ይሰራበታል።

በጣም የነካኝ ግን ረጅሙ ግድግዳ ነው፣ ህዝባቸው ያለቀባቸው ከተሞች ስም የተቀረጸበት፣ በስተጀርባው ደግሞ በወቅቱ ለአርመኖች የጮኹ የውጭ ሰዎች መቃብር አፈር ተቀምጧል። አርሚን ቬግነር የሚባል ጀርመናዊ የጦር ህክምና ሰራተኛ አለ፣ ጀርመን የቱርክ አጋር ነበረች በጦርነቱ፣ ፎቶ ማንሳት ተከልክሎ ነበር፣ እሱ ግን በየካምፑ የሚያልቁትን በድብቅ እያነሳ አወጣው። የሱ አፈር እዛ አለ።

እና ይሄ ሁሉ መንግስት በገዛ ፈቃዱ የሰራው እንዳይመስላችሁ። ሶቭየት ዘመን ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ ማውራት አይቻልም ነበር። በ1965 ሃምሳኛው ዓመት ላይ መቶ ሺህ ገደማ ሰው የሬቫን ላይ ሳይፈቀድለት ወጣ፣ ኦፔራ ቤት ይካሄድ የነበረውን የባለስልጣናት ስብሰባ ሳይቀር አቋረጠው፣ ከዛ ነው ሐውልቱ ተፈቅዶ በ1967 የተመረቀው።

እውነቱ_ይነገር

ሁሉንም አንብቤዋለሁ። አርመኖቹ ላይ የሆነውን አልጠራጠርም፣ የኔ ነገር እሱ አይደለም። የኔ ነገር እኛ ስንወጣ የምናሳየው መልክ ነው። የትኛው ባንዲራ ይያዛል? አንዱ ይሄን ሌላው ያንን ይዞ ይመጣና የሰው ለቅሶ ላይ እርስ በርስ እንጣላለን፣ አይተነዋል እኮ ይሄን በየሰልፉ። የንጉሡ መዝሙር ይከፈት ከተባለም ለአንዱ ትዝታ ነው ለሌላው ቁስል ነው። የሰው ሀዘን ላይ የራስን ጠብ ይዞ መሄድ ነውር ነው። ሌላው ደግሞ በሚቀጥለው የካቲት 12 አርመኖቹን ትጠሯቸዋላችሁ ወይ? አንድ ጊዜ ፎቶ ተነስተን የምንመለስ ከሆነ ባይደረግ ይሻላል።

የድሮ_ተማሪ

ልጄ ስለ መዝሙሩ ያልከው ልክ ነው። እኔ ስሰማው ልጅነቴ ይመጣብኛል፣ ሌላው ግን አባቱ የታሰረበት ዘመን ሊመጣበት ይችላል፣ ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ አይከፈትም። የአርባውን ልጆች ፎቶ ግን ያዙ፣ መሳሪያቸውን ይዘው ተሰልፈው የተነሱት አለ። ፎቶ ማንንም አያጣላም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አዲስ አበባ በስልሳዎቹ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ገደማ አርመን ይኖር ነበር፣ ወርቅ ሰሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ አንሺው፣ ማተሚያ ቤቱ። የሰርኪስ ባቡር የሚባለውን በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያን ከዛ ሁሉ በፊት ነው የመጣው። ደርግ ሲመጣ ንብረታቸው ተወርሶ ተበተኑ፣ ዛሬ መቶ አይሞሉም። ፒያሳ ያለችው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን አለች። እናንተ እዛ ስትወጡ እኛ ደግሞ እዚህ ያለን ጥቂት ሰዎች በዛው ቀን እዛ ሄደን እንድንቆም አስቤያለሁ፣ ካስፈቀድኳቸው በኋላ። የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፣ ለነሱ ለቅሶ መድረስ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ከነሱ በቀር።

ሐያት_ጅዳ

ጋሼ እኔ እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ ከእርስዎ ጋር ትሄዳለች፣ ስልኳን በውስጥ እልክልዎታለሁ።

የፌርፋክስ_ልጅ

እሺ እንግዲህ ከተባለው ተነስቼ እንዲህ እናድርግ። ባንዲራ የለም፣ የማንም። መዝሙር የለም። ትልቁ ሰልፍ ላይ ሳይሆን ሞንቴቤሎ ቢክኔል ፓርክ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ጋ ነው የምንሄደው፣ በ1968 አርመኖቹ ራሳቸው ያቆሙት ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቦታ ነው ግርግር የለውም። ከሐውልቱ ጋር የሚሰሩትን ሰዎች ነገ አነጋግሬ መምጣታችን ደስ ይላቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ሳያውቁ አንሄድም። ነጭ ልብስ የሚለብስ ይልበስ፣ ነጠላ ያላችሁ እንደ ሀዘን አጣፍታችሁ ኑ። አበባ ሁሉም የራሱን። ፎቶው ስር በአማርኛ፣ በአርመንኛና በእንግሊዝኛ "አርባ ልጆች፣ አዲስ አበባ፣ 1924" ብቻ ይጻፋል።

@እውነቱ_ይነገር የካቲት 12ትን እንጠራቸዋለን። ይሄን ማስታወሻ አንተ ያዝልን፣ ዲሲ ስላለህ እዛ ካሉት አርመኖች ጋር አንተ ብትነጋገር ደስ ይለኛል።

እውነቱ_ይነገር

ባንዲራ ከሌለ እኔም እዚህ ካሉት ጋር እሄዳለሁ። የካቲቱን እይዘዋለሁ። አርመንኛውን ማን ነው የሚጽፍላችሁ? በጉግል እንዳታደርጉት።

የፌርፋክስ_ልጅ

አይ፣ ስራ ቦታ አብራኝ የምትሰራ አርመን አለች፣ ለሷ ነው የምሰጣት። ፎቶውን በትልቁ የሚያትምልን ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም፣ ማተሚያ ያለው ሰው ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እስከ አርብ ማለቅ አለበት።